ሹድ፣ መስት ወይስ ማይት? ግምቱን በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው

አየር ጤና ካለ አንድ የትራንዚት ቢሮ የሚወጣ ኢሜይል እናስብ። ኮንቴነሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል፤ የጉምሩክ ሥራው ካለቀ ማክሰኞ አዲስ አበባ ይገባል። ዕቃውን የሚጠብቀው አማርኛ የማይችል የውጭ ዜጋ ነው። ጸሐፊዋ በልቧ «ማክሰኞ መድረስ አለበት» ትልና «ዘ ኮንቴነር መስት አራይቭ ኦን ቲዩዝደይ» ብላ ትልካለች። ሰውየው የሚያነበው ግምት ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ኮንቴነሩ ማክሰኞ የግድ መግባት አለበት፣ ካልገባ የሆነ ነገር ይበላሻል። ደንግጦ ይደውላል። «ማክሰኞ ምን አለ? ከእኔ የሚጠበቅ ነገር አለ?»

ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ሰዋስው አራሚ ሶፍትዌርም ቢያየው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ የመጣው ከአማርኛችን ስፋት ነው። «መድረስ አለበት» ግዴታንም ግምትንም ይሸከማል። «ሊደርስ ይችላል» አቅምንም ዕድልንም ይናገራል። «ሳይደርስ አይቀርም» ደግሞ እንደ አነጋገሩ ከሙሉ እምነት እስከ ማጽናኛ ይሄዳል። እኛ በድምፃችንና በሁኔታው እንለየዋለን። እንግሊዝኛ ግን ሞዳል የሚባሉ ረዳት ግሦች ስላሉት ልዩነቱን በቃል ያስቀምጠዋል፤ በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ድምፅ የለም፣ ቃሉ ብቻ ነው ያለው።

ይህ መመሪያ እንግሊዝኛን በሥራ ለሚጠቀሙ፣ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለሚጠብቃቸው የሰፈራችን፣ የኮልፌ አካባቢ፣ ሰዎች ነው። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ የመጀመሪያው እርምጃ ካልገባ ሌላው አይያዝም።

መጀመሪያ፦ «እንዴት አወቅሁ?» ይበሉ

አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት እነዚህን ቃላት በመቶኛ መሰላል ይደረድሯቸዋል፤ መስትን ከላይ፣ ማይትን ከታች እያስቀመጡ። ለእኔ ይህ መሰላል ከመርዳቱ ይልቅ ያሳስታል። ማንም ሰው ታክሲ ሲጠብቅ «ሰማኒያ በመቶ» ብሎ አያስብም። ደግሞም መስትና ሹድ ዋና ልዩነታቸው በመጠን ሳይሆን እምነቱ ከየት እንደመጣ ነው።

ስለዚህ ቃል ከመምረጥዎ በፊት ግምትዎ ምን ላይ እንደቆመ ራስዎን ይጠይቁ። ነገሩ በወጉ ሲሄድ እንዲህ ስለሚሆን ነው? ያኔ ሹድ። አሁን የሚያዩት ምልክት ስላለ ነው? መስት። ሰው ወይም ፕሮግራም እንዲህ ይሆናል ስላለ ነው? ሰፖዝድ ቱ። ነገሩን በደንብ ስለሚያውቁት ነው? ዊል። ምንም የሚይዙት ነገር ከሌለ ደግሞ ማይት። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ለዚህ መልስ ማብራሪያ ነው።

ሹድ፦ ነገሩ በወጉ ከሄደ

ጦር ኃይሎች የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ማብቂያ ነው፤ ከአያት የተነሳው እዚያ ያበቃል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ስንት ደቂቃ ይቆያል?» ባቡሩ በየተወሰነ ደቂቃ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው «ዘ ትሬይን ሹድ ቢ ሂር ሱን» ይላል። ባቡሩን አላየውም፣ ድምፁንም አልሰማም። የቆመው በልማዱ ላይ ነው። «እንደ ወትሮው ከሆነ» የሚለው የአማርኛ ሐረግ ከዓረፍተ ነገርዎ ፊት ሲገባ ስሜት ከሰጠ ሹድ ትክክለኛ ቃልዎ ነው። ላልተበላሸ ነገር፣ ለተለመደ ሂደት፣ ለተሰላ ጊዜ ሁሉ ይሠራል። «ዘ ሰርቲፊኬት ሹድ ቢ ሬዲ ባይ ፍራይደይ»፣ «ዩ ሹድ ጌት ኤ ሜሴጅ ፍሮም ዘ ባንክ»። ለኮንቴነሩም የሚስማማው እሱ ነው፤ «ዘ ኮንቴነር ሹድ አራይቭ ኦን ቲዩዝደይ»። ተቀባዩ ይህን ሲያነብ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ ማክሰኞን ማሰብ ይችላል። ሁለተኛ መንገድ ላይ ችግር ከተፈጠረ ላኪዋ ቃሏን አልበላችም።

ሹድ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ብዙ መምህራን የማይነግሩን ጠባይ ነው። የማንፈልገውን ነገር ለመገመት ሲገባ ይጎረብጣል። ዓለም ባንክ ሰፈር መብራት ዛሬ ማታ ይጠፋል ብለው ከሰጉና «ዜር ሹድ ቢ ኤ ፓወር ከት ቱናይት» ቢሉ ሰሚው መጥፋቱን የሚፈልጉት፣ ወይም ቴክኒሻን ሆነው ለሥራ የሚጠብቁት ይመስለዋል። ክፉን ግምት በሌላ መንገድ ይበሉት፤ «ዘ ፓወር ዊል ፕሮባብሊ ጎ ኦፍ ቱናይት»። ከዚህ የተነሳ ለጥርጣሬና ለስጋት ሹድን አይጠቀሙ፤ ለተስፋና ለሥርዓት ይተዉት።

ኦት ቱ የሚባለውም የሹድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ትርጉሙ ያው ነው፣ ዛሬ ግን በንግግር ላይ ብዙም አይሰማም። ሲያገኙት ያንብቡት፣ ሲጽፉ ሹድ ይበቃዎታል።

መስት፦ ምልክት ካዩ ብቻ

ጎረቤትዎን ፈልገው ሄዱ እንበል። በሩ ዝግ ነው፤ ነገር ግን ጫማዋ ደጃፍ ላይ ነው፣ ከውስጥም የቡና መውቀጫ ይሰማል። «ሺ መስት ቢ አት ሆም»። እዚህ ግምቱ ልማድ ላይ አልቆመም፤ ጫማውና መውቀጫው ላይ ቆመ። ምልክቶቹ ወደ አንድ ድምዳሜ ብቻ ሲመሩ መስት ይገባል።

ምልክት ከሌለ መስት የለም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በዚህ ነው፤ ለነገ ነገር መስትን እንጠቀማለን። የነገ ነገር ገና አልሆነምና ምልክት ሊያዩለት አይችሉም። «ሂ መስት ካም ቱሞሮ» ቢሉ «ነገ የመምጣት ግዴታ አለበት» እንጂ «ነገ ሳይመጣ አይቀርም» አይሆንም። «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ካም ቱሞሮ» ወይም «ሂ ሹድ ካም ቱሞሮ» ይበሉ። አንድ አጭር ደንብ ይያዙ፤ መስት ለግምት ሲገባ ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ ቢ ወይም ሃቭ ይከተለዋል። «መስት ቢ» እና «መስት ሃቭ» ሲያዩ ግምት ይሸታል፤ «መስት ጎ»፣ «መስት ፔይ»፣ «መስት አራይቭ» ግን ትእዛዝ ይመስላሉ።

የአሉታው ነገር ደግሞ ለብቻው ወጥመድ ነው። «ቤት ሊሆን አይችልም» ለማለት «ሂ መስት ኖት ቢ አት ሆም» ቢሉ «ቤት እንዳይገኝ ተከልክሏል» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ይመስላል። የማያሻማው ካንት ነው፤ «ሂ ካንት ቢ አት ሆም»። የመስት ተቃራኒ፣ በግምት ዓለም፣ ካንት ነው። ይህን አንዱን ብቻ ቢይዙ ከፈተና ጥያቄ ጥቂቱ ይቀልልዎታል።

ካንን ከነገ ያርቁ

«ነገ ሊዘንብ ይችላል» ስንል «ይችላል» የሚለው ቃል በቀጥታ ወደ ካን ይገፋናል። «ኢት ካን ሬይን ቱሞሮ» ግን የእንግሊዝኛ ጆሮ የማይቀበለው ዓረፍተ ነገር ነው። ለአንድ የተወሰነ ቀን ወይም ሁኔታ ማይት፣ ሜይ ወይም ኩድ ይላል፤ «ኢት ማይት ሬይን ቱሞሮ»።

ካን ለግምት የሚገባው ነገሩ በጠቅላላው አንዳንድ ጊዜ እንደሚከሰት ሲናገሩ ነው። «ኢት ካን ሬይን ኦል ደይ ኢን ጁላይ» ትክክል ነው፤ ሐምሌን ኮልፌ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል፣ ደመናው ከእንጦጦ ወርዶ ቀኑን ሙሉ የማይነሳበት ጊዜ አለ። ይህ ግን ስለ ሐምሌ ጠባይ የተነገረ ነው እንጂ ስለ ነገ አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «አንዳንድ ጊዜ» ማስገባት ከቻሉ ካን ይሄዳል፣ «ምናልባት» ብቻ ከሆነ የሚገባው ካንን ያውጡት።

ሜይና ማይት መካከል ያለውን ልዩነት አስመልክቶ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ። ከክርክሩ የሚተርፍዎ አንድ ነገር ነው፦ ሜይ ፈቃድም ይሰጣል። «ስታፍ ሜይ ሊቭ ኧርሊ ኦን ፍራይደይ» የሚል ማስታወቂያ «ሠራተኞች ሊወጡ ይችሉ ይሆናል» ሳይሆን «ይፈቀድላቸዋል» ተብሎ ይነበባል፤ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ሊቆጣ ይችላል። ግምት ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት ማይት ይጻፉ።

እንዲሁም «ሜይቢ» አንድ ቃል ነው፣ «ሜይ ቢ» ግን ሁለት። የመጀመሪያው «ምናልባት» ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ይገባል። ሁለተኛው ረዳት ግሥና ግሥ ነው።

ዊል፦ ማወቅና መሐላ

የወሩ መጨረሻ ነው፣ በር ተንኳኳ። ቤት የተከራየ ሰው ሳይነሳ «ዛት ዊል ቢ ዘ ላንድሌዲ» ይላል። ከመንኳኳቱ በቀር ሌላ ምልክት የለውም፤ ነገሩን ስለሚያውቀው ነው። አከራይዋ በወሩ መጨረሻ ትመጣለች፣ አለቀ። ዊል እንዲህ ያለውን እርግጠኝነት ይይዛል።

በሥራ ጽሑፍ ላይ ግን ዊልን በጥንቃቄ ይያዙ። «ዘ ኮንቴነር ዊል አራይቭ ኦን ቲዩዝደይ» ብለው ከላኩ ሰውየው ቃል እንደተገባለት ይቆጥራል፤ ረቡዕ ጠዋት ኮንቴነሩ ካልገባ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። መንገዱን፣ ጉምሩኩንና የሾፌሩን ስልክ በእጅዎ ካልያዙ ዊልን አይጻፉ። በተቃራኒው ሁሉን ነገር በማይት ካደባለቁት፣ «ዘ ኮንቴነር ማይት አራይቭ ኦን ቲዩዝደይ» ብለው ከጻፉ፣ ደንበኛው ማክሰኞን ትቶ ሌላ አቅራቢ መፈለግ ይጀምራል። አንድ ሞዳል ግሥ ደንበኛ ያስኮበልላል። ይህን የምለው ሰዎች እነዚህን ቃላት የሰዋስው ፈተና ብቻ አድርገው ስለሚያዩአቸው ነው፤ ንግድ ላይ ግን ሹድ፣ ዊልና ማይት የውል አንቀጽ ያህል ክብደት አላቸው።

ኮልፌ ውስጥ ያደረ አንድ ሰልጣኝ፦ ስላለፈው ለመናገር

ያለፈውን ለመገመት ከረዳት ግሡ ቀጥሎ ሃቭና የግሡ ሦስተኛ መልክ ይገባል። እዚህ ላይ ትርጉሙ በጣም ይጠመዘዛል፣ ስለዚህ የሰፈራችንን ታሪክ ይዘን እንየው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1962፣ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ የወታደራዊ ትምህርት ወስደዋል። ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲፈጅ ታስቦ ነበር፤ ስምንት ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ በአስቸኳይ እንዲመለሱ የሚል ቴሌግራም ደረሳቸው። ከተመለሱ በኋላ በሐምሌ መጨረሻ ታሰሩ።

አሁን ይህንኑ በእንግሊዝኛ ይናገሩ። ዕቅዱ ይህ ነበር ለማለት «ሂ ዎዝ ሰፖዝድ ቱ ስቴይ ፎር ሲክስ ማንስ» ይላሉ። ሰፖዝድ ቱ የሌላ ሰው ዕቅድን፣ መርሐ ግብርን ወይም ወሬን ይጠቅሳል፤ «ተብሎ ነበር» እንደማለት ነው፣ እርስዎ ምንም አልፈረዱም። በዚህ ፈንታ «ሂ ሹድ ሃቭ ስቴይድ ፎር ሲክስ ማንስ» ብለው ከጻፉ ግን ትርጉሙ ወደ ነቀፌታ ይገለበጣል፤ «ስድስት ወር መቆየት ነበረባቸው፣ አለመቆየታቸው ስሕተት ነው»። አንባቢው እርስዎ ማንዴላን እየወቀሱ ይመስለዋል። «ሂ ኩድ ሃቭ ስቴይድ» ደግሞ ዕድሉ ነበር፣ አልተጠቀሙበትም ነው። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ከታሪኩ ጋር ይሄዳሉ፤ የሚለያዩት ስለ ታሪኩ ምን እንደሚያስቡ ነው። እኔ የታሪክ ጽሑፍ ላይ ሰፖዝድ ቱን እመርጣለሁ፤ ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋል።

ሹድ ሃቭ ሁልጊዜ ነቀፌታ አይደለም። «ዘይ ሹድ ሃቭ አራይቭድ ባይ ናው» «እስካሁን መድረስ ነበረባቸው፣ ደርሰው ይሆናል» ማለት ነው፤ ባይ ናው የምትለዋ ትንሽ ሐረግ ነቀፌታውን ታነሳለታለች። ሃቭን ሳይሆን ባይ ናውን ከያዙ አይስቱም።

የመስትና የማይት ልዩነት ደግሞ ማንዴላ ከኢትዮጵያ ይዘው በተመለሱት ሽጉጥ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሽጉጡን የሰጧቸው የዚያን ጊዜው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። ማንዴላ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሪቮኒያ በሚባል ቦታ ሊሊስሊፍ እርሻ ላይ ቀበሩት፤ ፈላጊዎች ቢቆፍሩም አላገኙትም። አሁን «ሳምዋን መስት ሃቭ ቴክን ኢት» ልንል እንችላለን? ፈጥነው ይመልሱ። ሰው ወስዶት ይሆናል፣ ዝጎ አልቆ ይሆናል፣ የተቆፈረው ቦታ የተሳሳተ ይሆናል። መንገዱ ሦስት ነው። ምልክቱ ወደ አንድ ድምዳሜ ብቻ ስላልመራን መስት አልበሰለም፤ «ሳምዋን ማይት ሃቭ ቴክን ኢት» ነው ማለት ያለብን። ሌሎቹ ሁለት መንገዶች በማስረጃ ከተዘጉ ብቻ መስት ይገባል። ማንም ሰው ሲያወራ መስትን ካበዛ ይህን ሽጉጥ አስታውሰው «ሌላ መንገድ የለም?» ይበሉት።

ሁለት ጎረቤት ቃላት

«እጠብቃለሁ» የሚለው ቃላችን ለሁለት ይከፈላል። ሰውን ወይም ታክሲን በአካል መጠበቅ ዌይት ነው። አንድ ነገር ይሆናል ብሎ ማሰብ ኤክስፔክት ነው። «ውጤቱ መልካም ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ» ለማለት «አይ ዌይት» አይባልም፤ «አይ ኤክስፔክት ዘ ሪዛልት ቱ ቢ ጉድ» ነው። ኤክስፔክት ቀጥሎ ሰው ከገባ ግን ጉልበት ያገኛል፤ «አይ ኤክስፔክት ዩ ቱ ፔይ ባይ ፍራይደይ» ማሳሰቢያ እንጂ ግምት አይደለም። ለማይጠይቁት ሰው እንዲህ አይጻፉ።

ጊዜም የግምት አካል ነው። ለውጭ ሰው «ኢት ሹድ አራይቭ አት ስሪ» ብለው ከጻፉና እርስዎ ያሰቡት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ፣ ሰውየው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል። ሞዳሉ ትክክል ሆኖም ስድስት ሰዓት ይሰናከላል። ሰዓቱን በፈረንጅ ያድርጉና ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ የሚለውን ያክሉ።

በፈተና ላይ

ባዶ ቦታ ያለው ጥያቄ ሲመጣ ከባዶው ፊትና ኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይመልከቱ። ምልክት ከተሰጠዎት፣ ለምሳሌ መብራቱ በርቷል ወይም መኪናው ደጅ ነው ካለ፣ መስት ወይም ካንት ይፈልጉ። አብሮ «አይ አም ኖት ሹር» ካለ ማይት ነው። የተለመደ ጊዜ ወይም ሂደት ካለ ሹድ ነው። ከምርጫዎቹ ሁለቱ የሚሰሩ ከመሰሉ ጊዜያቸውን ያመሳክሩ፤ ያለፈ ነገር ሃቭ ይፈልጋል። ፈተና አውጪዎች ምልክቱን ሳያስቀምጡ ቃሉን አይጠይቁም፤ ስላላዩት ብቻ የለም ብለው አይተዉት።

በጽሑፍ ላይ ደግሞ ከመላክዎ በፊት ኢሜይሉን ወይም መልእክቱን ይክፈቱና ከመስት፣ ከካንና ከዊል በታች ያስምሩ። መስት ለነገ ነገር ግምት ሆኖ ከገባ ወደ ሹድ ይቀይሩት። ካን ስለ ተወሰነ ቀን ግምት ሆኖ ከገባ ወደ ማይት ይቀይሩት። ዊል ላይ ደግሞ ቆም ብለው ይጠይቁ፤ «ይህ ካልሆነ እኔ ነኝ የምጠየቀው?» መልሱ አዎ ከሆነና ለመጠየቅ ካልተዘጋጁ ሹድ ብለው ይላኩት።